የእጅ ስልክ የፎቶግራፍ አንሺውን ካሜራ ይተካዋልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)






  ንግግሩ ስለ ምን ይሁን ብለን በክፍላችን በተመካከርን ጊዜ ብዙ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንዱ ስለ እርሻ፣ ሌላው ስለ ስፖርት፣ ሌላዋ ስለ ሴቶች ትምህርት እንዲሆን ጠየቁ። በመጨረሻ የመረጥነው ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው አብዛኛው ኪሱን ቢዳስስ የሚያገኘውን ነገር ነው። ይኸውም ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ ነው። ጥያቄያችንም፣ ይህ የእጅ ስልክ የፎቶግራፍ አንሺውን ካሜራ ጨርሶ ይተካዋልን? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለጨዋታ የቀረበ እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከመካከላችን ትምህርቱን ሲፈጽም በፎቶግራፍ ሙያ ለመኖር የሚያስብ አለ። ካሜራ ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ የካሜራም ዋጋ አብሮ ወጥቷል። በሬ ሸጦ ወይም የዕቁብ ገንዘቡን አውጥቶ ለልጁ ካሜራ የሚገዛ አባት፣ የገዛው ዕቃ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከንቱ ሆኖ የሚቀር መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ በሶዶ፣ በቦዲቲ፣ በአረካና በሌሎችም የወላይታ ከተሞች በፎቶ ቤት ሥራ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። በሦስተኛ ደረጃ፣ የእያንዳንዳችን ቤተሰብ መልክና ታሪክ ዛሬ የሚቀመጠው በዚህ በኪስ ዕቃ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ነገሩ በሕይወቱ ካሜራ ጨብጦ የማያውቀውንም ሰው ይነካዋል።

ስለዚህ አስቀድመን የኋላውን ታሪክ፣ ቀጥሎ የስልኩን ብርታት፣ ከዚያም የካሜራውን ብርታት እንመለከታለን። በመጨረሻም የራሳችንን ፍርድ እንሰጣለን። ዓ.ም. ብለን ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ በፈረንሳይ አገር ለሕዝብ የተገለጠው በ1839 ነው። ከዚያ በፊት መልኩን ለልጅ ልጁ ሊያስቀር የሚፈልግ ሰው ሠዓሊ ይቀጥር ነበር። የፎቶግራፍ መሣሪያ በተስፋፋ ጊዜ፣ በአውሮፓ ትንንሽ የመልክ ሥዕል እየሠሩ ይኖሩ የነበሩት ሠዓሊዎች እንጀራቸው ተቋረጠ። ከእነርሱም መካከል ብሩሻቸውን አስቀምጠው ራሳቸው ፎቶግራፍ አንሺዎች የሆኑ ነበሩ። የሥዕል ጥበብ ግን ከዚያ በኋላም አልሞተም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1868 መቅደላ የደረሰው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮች ይዞ መጥቶ ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው በመስተዋት ላይ ስለ ነበረ፣ ሣጥን የሚያህለው ካሜራ፣ መስተዋቱና ማጠቢያው ኬሚካል ሁሉ ትልቅ ጭነት ነበር። ከዚያም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ቤድሮስ ቦያጅያን የተባሉ አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ። ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወርሰው ሠርተውበታል። በዚያን ጊዜ በአገራችን ፎቶግራፍ መነሣት በአብዛኛው የነገሥታትና የመኳንንት ነገር ነበር።

በውጭው ዓለም ግን ነገሩ ወደ ተራው ሰው እየወረደ ሄደ። ጆርጅ ኢስትማን የተባለ አሜሪካዊ በ1888 ኮዳክ የተባለውን ካሜራ አወጣ። የገዛው ሰው መቶ ፎቶግራፍ ካነሣበት በኋላ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከውና ፋብሪካው አጥቦና አትሞ ይመልስለት ነበር። በ1900 ደግሞ ያው ኩባንያ ብራውኒ የሚባለውን ካሜራ በአንድ ዶላር ሸጠ። ልጅ ሁሉ ካሜራ ያዘ። ሆኖም የፎቶግራፍ ባለሙያ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በዛ እንጂ አላነሰም። ሰው ራሱ ማንሣት በጀመረ ቁጥር በጥሩ የተነሣውንና በመጥፎ የተነሣውን መለየት ተምሯልና።

በእኛም ከተማ፣ ወላጆቻችን እንደሚነግሩን፣ ፎቶ ቤት መሄድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። ሰው ታጥቦና ጫማውን አስጠርጎ፣ ኮትና ከረባት ከሌለው ከፎቶ ቤቱ ተውሶ፣ ሥዕል በተሣለበት መጋረጃ ፊት ይቆማል። ባለሙያው አገጩን ቀና ያደርግለታል፤ ዓይንህን አትጨፍን ብሎም ያስጠነቅቀዋል። ፎቶግራፉ ታጥቦ እስኪወጣ ጥቂት ቀን ይጠበቃል። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ቢነሣ ብዙ ነው። የወጣችው አንዲት ፎቶግራፍ ግን በመስተዋት ተሸፍና በግድግዳ ላይ ትሰቀላለች፤ ወይም በአልበም ውስጥ ትገባለች፤ በጀርባዋም ስምና ዓመተ ምሕረት ይጻፍባታል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ያለ ፊልም የሚሠራውን የመጀመሪያውን ካሜራ የሠራው በ1975 የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን ነው። ክብደቱ ከሦስት ኪሎ በላይ ሲሆን አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። የሚያስገርመው፣ ይህን መሣሪያ ከራሱ ቤት ያወጣው ኮዳክ በፊልም ሽያጭ ላይ ተደላድሎ ስለ ነበር፣ ዘመኑ ጥሎት ሄዶ በጥር 2012 ዕዳውን መክፈል አልችልም ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። ካሜራ ያላቸው የእጅ ስልኮች በጃፓን አገር ለገበያ የወጡት በ1999 እና በ2000 ነው። አይፎን የተባለው ስልክ በ2007 ከወጣ በኋላ ደግሞ ስልክና ካሜራ የማይለያዩ ሆኑ።

አሁን ስለ ስልኩ ብርታት እንናገር። እውነትን ለመናገር ብርታቱ ብዙ ነው። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር ባወጣው ቁጥር መሠረት፣ በ2010 አባሎቹ ለዓለም ገበያ ያቀረቡት ካሜራ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2023 ግን ከ8 ሚሊዮን በታች ሆነ። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ከአሥራ አምስት ካሜራ አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የጠፋው በኪስ የሚያዘው ትንሹ ካሜራ ነው፤ ስልኩ በቀጥታ የእርሱን ቦታ ወስዶበታልና።

በአገራችንም የቻይናው ኩባንያ ትራንሽን ከ2011 ጀምሮ ቴክኖ የተባሉትን ስልኮች በኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠም ጀምሯል። ይኸው ኩባንያ በአፍሪካ ገበያ የተወደደበት አንዱ ምክንያት የስልኮቹን ካሜራ ለጥቁር ሰው መልክ እንዲስማማ አድርጎ ማዘጋጀቱ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቀለም ፊልም በወጣ ጊዜ ቀለሙ የሚመዘነው በነጭ ሴት ፎቶግራፍ ስለ ነበረ፣ ጥቁር ሰው ከነጭ ሰው ጋር ሲነሣ ፊቱ ጠቁሮ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይታይ የነበረበት ዘመን ነበር። ጉግል የተባለውም ኩባንያ በ2021 የስልኩን ካሜራ ለልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም አስተካክሎ አውጥቷል።

የስልኩ ሁለተኛ ብርታት ሁልጊዜ ከሰው ጋር መሆኑ ነው። ባለሙያው በሌለበት ቦታ ስልክ አለ። በ2012 በአሜሪካ ታላቅ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ታይም የተባለው ታዋቂ መጽሔት የታወቁ ፎቶግራፍ አንሺዎችን በእጅ ስልካቸው እንዲያነሡለት አድርጎ፣ ከፎቶግራፎቹ አንዱን በሽፋኑ ላይ አወጣ። በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲከበር በሶዶ አደባባይ የሚታየውን ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸግረውም። የሚጨፍረው ሰው ብዙ ነው፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚያነሣውም ከዚያ አያንስም።

በዚህም ምክንያት የፎቶ ቤቶቻችን ገቢ ቀንሷል። ከዚህ ንግግር በፊት በከተማችን ያሉ ባለፎቶ ቤቶችን ጠይቀን ነበር። እንደ ነገሩን ከሆነ ቀድሞ የቤት ኪራያቸውን የሚከፍሉት በጉርድ ፎቶግራፍ ገቢ ነበር። ዛሬ የፋይዳ መታወቂያ የሚያወጣ ሰው ፎቶግራፍ የሚነሣው እዚያው በመዝጋቢው መሣሪያ ነው። ለሌላውም ጉዳይ ቢሆን ሰው በስልኩ ተነሥቶ ይመጣና ማተም ብቻ ይጠይቃል። በበዓል ቀን በየመናፈሻው እየዞሩ ሰው የሚያነሡ ወጣቶችም ጥቂት ቀርተዋል።

እንዲህ ከሆነ ነገሩ አለቀ እንበልን? በአሜሪካ አገር ቺካጎ ሰን ታይምስ የተባለው ጋዜጣ እንዲሁ አስቦ ነበር። በግንቦት 2013 በመሥሪያ ቤቱ የነበሩትን 28 ፎቶግራፍ አንሺዎች በአንድ ቀን አሰናበተ፤ ጋዜጠኞቹም በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት እንዲማሩ አዘዘ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ ከተሰናበቱት ጥቂቶቹን መልሶ ቀጠረ። ስልኩን ሁሉ ሰው ሊይዘው ይችላል፤ በእሳት አደጋና በኳስ ሜዳ የት መቆም እንደሚገባ የሚያውቀው ግን ሁሉ ሰው አይደለም።

ይህን በወሬ ብቻ እንዳንቀበል በግቢያችን ውስጥ ሙከራ አደረግን። ከአንድ ባለሙያ ካሜራ ከነሌንሱ ተውሰን፣ ከመካከላችን ጥሩ ከሚባለው ስልክ ጋር ጎን ለጎን አራት ነገር አነሣን። የመጀመሪያው በቀትር በዛፍ ጥላ የተቀመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ሁለተኛው የሩጫ ውድድር ነበር። ሦስተኛው ማታ በአንድ አምፖል ብርሃን የሚያጠኑ ልጆች ነበሩ። አራተኛው የዱንጉዛ ልብስ የለበሰች፣ ፀጉሯንም ሹሩባ የተሠራች እኅታችን ነበረች። ሁሉንም አሳትመን የትኛው በምን እንደ ተነሣ ሳንናገር ለጓደኞቻችን አሳየን።

በቀትር የተነሣውን ማንም ሊለይ አልቻለም፤ እንዲያውም የስልኩ ይበልጣል ያሉ ነበሩ። በሩጫው ግን ስልኩ ከሩቅ ያለውን ለማቅረብ ሲሞክር ሥዕሉን ከመሐሉ ቆርጦ ስላሰፋው ፊቶቹ ቀለም የፈሰሰባቸው መሰሉ። በካሜራው ግን የሯጩ የላብ ጠብታ ይታይ ነበር። በማታው ሥዕል ስልኩ ጨለማውን በብልሃት ገፍቶ ቤቱን አበራው፤ ነገር ግን እጁን ያንቀሳቀሰው ልጅ ሁለት እጅ ያለው መሰለ። በአራተኛው ላይ ስልኩ የልጅቱን ፊት ከተፈጥሮዋ አቅልቶና አልስልሶ አወጣው። ከኋላዋ ያለውን ለማደብዘዝ ሲልም የሹሩባዋን ጫፍ አብሮ አጠፋው። የዱንጉዛው ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመር በሁለቱም አምሮ ነበር፤ በካሜራው ግን ፊቷም የራሷ ነበር።

ይህ ለምን ሆነ? መልሱ በጣም ቀላል ነው። ብርሃን እንደ ዝናብ ነው ብለን እናስብ። ከዳሞታ ተራራ በኩል ዝናብ መጥቶ ሲዘንብ አንድ ስኒና አንድ በርሜል ደጅ ላይ ብናኖር፣ ዝናቡ አንድ ሲሆን በርሜሉ የሚይዘው ውሃ ግን ይበዛል። በብዙ የባለሙያ ካሜራዎች ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ሰሌዳ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። በብዙዎቹ ስልኮች ግን ርዝመቱ ከ10 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በቀትር ዝናቡ ዶፍ ስለ ሆነ ስኒውም ይሞላል። በማታ ግን ካፊያ ነውና ስኒው ሳይሞላ ይቀራል። ስልኩ ይህን ጉድለት የሚሸፍነው በስሌት ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ሥዕል አንሥቶ እርስ በርሱ እያስተያየ አንድ ያደርገዋል፤ ያልታየውንም በግምት ይሞላዋል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፤ ሲሳሳት ግን ሦስተኛውንና አራተኛውን ሥዕላችንን ይሆናል።

ይህ ልዩነት በሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የእኛው ወላይታ ድቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ በፍጹም ቅጣት ምት ከውድድር ባስወጣ ጊዜ ወላይታ ሁሉ ጨፍሯል። እንዲህ ያለውን ግጥሚያ ከሜዳው ዳር ሆኖ የሚያነሣ ባለሙያ፣ ሌንሱ ክንድ የሚያህል ካሜራ ይይዛል። ግብ ጠባቂው በዘለለባት ቅጽበት ጣቱ ኳሱን ሲነካ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ከተመልካች ወንበር ላይ የተነሣ ስልክ ሊያመጣው አይችልም።

ከመሣሪያውም በላይ የሰውየው ነገር አለ። በሠርግ ቤት ስልክ የያዘ ዘመድ እንግዳ ነው፤ ይበላል፣ ይጨፍራል፣ ደስ ሲለው ያነሣል። ባለሙያው ግን አደራ ተቀባይ ነው። የሙሽራዪቱ እናት ልጇን ስትመርቅ የት እንደምትቆም አስቀድሞ ያያል፤ መብራት ቢጠፋ መብራት ይዟል፤ ካሜራው አንዱን ሥዕል በሁለት ካርድ ላይ ይመዘግብለታልና አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ይተርፋል። ሥዕሉ ቢጠፋም የሚጠየቀው እርሱ ነው። ከዘመዶቻችን ግን ማንን እንጠይቃለን?

ክቡራን እንግዶቻችን፤ እስካሁን የተናገርነው ስለ ማንሣት ነው። ከሁሉ የከበደብን ግን ስለ ማስቀመጥ ያለው ጉዳይ ነው። ቀደም ብለን በልባችሁ ያዙልን ያልነው ይህን ነው።

እናት ወይም አባት ባረፉ ጊዜ፣ ልጆች የሟቹን ፎቶግራፍ በደረታቸው ይዘው ሲያለቅሱ በለቅሶ ቤት ያላየ ከመካከላችን የለም። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ ፍለጋ ይጀመራል። በከተማችን ያሉ ባለፎቶ ቤቶች እንደ ነገሩን፣ ሰው እያለቀሰ ስልኩን ይዞ ይመጣና ይህን አሳድጉልን ይላል። ሥዕሉም ከሰርግ መካከል የተቆረጠ፣ ወይም በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየ ይሆናል። ቴሌግራም ፎቶግራፍ ሲልክ ቶሎ እንዲደርስ አሳንሶ ስለሚልከው፣ ትልቅ ተደርጎ ሲታተም የሰውየው ዓይን ከቅንድቡ አይለይም። በስልኩ ውስጥ ብዙ ሺህ ፎቶግራፍ አለ፤ የእናት ግን አንድ ጥሩ የለም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ከዚህም ሌላ ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ይሸጣል። ቦታው ሲሞላ ባለቤቱ ያጠፋል፤ ሲያጠፋም የትኛው ለልጁ እንደሚያስፈልግ አያውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፣ በጥድፊያ የተነሣ በጥድፊያ ይጠፋል። ወረቀት ግን ሌላ ነው። አባቶቻችን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ በወረቀት ላይ መቀለዳቸው ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን ዛሬ ይህ ምስጋና ነው እንላለን።

ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ በአገራችን አለ። ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሡ የነበሩት ሽመልስ ደስታ፣ ያነሡት ፊልም ተጠብቆ ስለ ቆየ ሥራቸው ከብዙ ዘመን በኋላ በውጭ አገር ለሕዝብ ሊታይ ችሏል። እንዲሁም ቪንቴጅ አዲስ አበባ በሚል ስም የተሰባሰቡ ወጣቶች በየቤቱ አልበም ውስጥ የነበሩትን የቀድሞ ዘመን ፎቶግራፎች ከነታሪካቸው ሰብስበው በመጽሐፍ አሳትመዋል። እነዚያ ፎቶግራፎች የተገኙት አንዲት እናት በሣጥን ውስጥ ስላኖረቻቸው ነው። ከአምሳ ዓመት በኋላ አንድ የሶዶ ልጅ የዛሬዋን ሶዶ ሊሰበስብ ቢነሣ በየማን ሣጥን ውስጥ ያገኛታል? ከተማችን ከ2023 ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና መልኳ በየዓመቱ እየተለወጠ ነው። የዛሬው መንገድ፣ የዛሬው ገበያ፣ የዛሬው የእንሰት ጓሮ በነገው ሰው ፊት የሚቆመው ያስቀመጥነው እንደ ሆነ ብቻ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችንን እንስጥ። የእጅ ስልክ በተራው ሰው እጅ የነበረውን ካሜራ ተክቶታል፤ ይህ የሚመጣ ነገር ሳይሆን ያለፈ ነገር ነው። ሠርግ፣ ስፖርት፣ የማታ ሥራና በትልቁ የሚታተም ሥዕል የሚሠራው ባለሙያ ግን ካሜራውን ገና አይጥልም፤ የባለካሜራው ቁጥር ያንሳል፣ የሚጠየቀውም ችሎታ ከፍ ይላል። በዚህም የሚጎዳው መሣሪያ ስላለው ብቻ ይኖር የነበረው ሰው ነው። ፎቶግራፍን ጠብቆ ለልጅ ልጅ ማድረስ ግን የሰው ሥራ ነው፤ ከስልኩም ከካሜራውም ልንጠብቀው አይገባንም።

ከዚህ ፍርድ ተነሥተን ሦስት ምክር እንለግሳለን። ሙያውን ለሚወዱ ጓደኞቻችን፦ መጀመሪያ ወላጅ በሬ እንዲሸጥ አትጠይቁ። አንድ ዓመት ሙሉ ባላችሁ ስልክ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ፣ ሰውን አስፈቅዶ መቅረብ እንዴት እንደሆነ፣ ታግሦ መጠበቅም ምን እንደሆነ ተማሩ። ከዚያ በኋላ ልባችሁ ከጸና ያገለገለ ካሜራና አንድ ጥሩ ሌንስ ግዙ፤ የካሜራው አካል ቶሎ ያረጃል፣ ጥሩ ሌንስ ግን ካሜራ እየተለወጠ ብዙ ዓመት ያገለግላልና። አይዳ ሙሉነህ በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የኢትዮጵያውያንን ሥራ ከሌላው ዓለም ሥራ ጎን ለጎን ለሕዝብ ስላሳየ፣ ሙያው ክብር እንዳለው ልትጠራጠሩ አይገባም።

ለወላጆቻችን፦ በዓመት አንድ ቀን፣ ለጊፋታም ይሁን ለሌላ በዓል፣ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ በደንብ ተነሡና በወረቀት አሳትሙ። በስልክ ያነሣችሁትንም ከሆነ ዋናውን እንጂ በቴሌግራም ተልኮ ያነሰውን ለፎቶ ቤት አትስጡ። በጀርባውም ስምና ዓመተ ምሕረት ጻፉበት። ሥራው ቀንሶበት የተቀመጠው ባለፎቶ ቤትም እንጀራ ያገኛል።

ለትምህርት ቤታችን፦ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ነገር ወስነናል። እያንዳንዳችን ከመሰናበታችን በፊት በቤታችን ወይም በጎረቤታችን ካሉት አረጋውያን አንዱን አስፈቅደን በጥንቃቄ እናነሣለን። ሁለት ሁለት አሳትመን በጀርባው ሙሉ ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቀበሌ፣ የሠሩትን ሥራና የተነሡበትን ቀን እንጽፋለን። አንዱን ለባለቤቱ እንሰጣለን፤ ሁለተኛውን ባለቤቱ ከፈቀዱ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እናስቀምጣለን። የሚነሣው በስልክ ይሁን በካሜራ አንከራከርም። ከኋላችን የምትመጡ ተማሪዎችም በየዓመቱ እንድትቀጥሉበት አደራ እንላለን። ክቡር ዲሬክተራችንንም በቤተ መጻሕፍቱ አንድ የሚቆለፍ ቁም ሣጥን እንዲፈቅዱልን በትሕትና እንለምናለን።